እምቢ የማለት ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1902 ማሳቹሴትስ ውስጥ የምትገኘውን ካምብሪጅ ከተማ ፈንጣጣ ሲያስጨንቃት፣ የጤና ቦርዷ በቅርብ ዓመታት ያልተከተበ ነዋሪ ሁሉ እንዲከተብ አዘዘ። ሄኒንግ ጃኮብሰን የተባሉ ስዊድን የተወለዱ የሉተራን ቄስ እምቢ አሉ። በልጅነታቸው ተከትበው ክፉኛ ታመው ነበር፤ ልጃቸውም እንዲሁ። ቅጣቱ 5 ዶላር ነበር፣ በ2020 ዋጋ ሲሰላ 140 ዶላር ገደማ። ቄሱ ከመክፈል መከራከርን መረጡና ጉዳዩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1905 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተፈረደባቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን የግለሰብ ነፃነት ገደብ የለሽ እንዳልሆነ፣ ማኅበረሰብም ራሱን ከወረርሽኝ መከላከል እንደሚችል አስረዱ።

ኮቪድ ሲመጣ አሠሪውም ጠበቃውም ዳኛውም ይህንኑ የቆየ መዝገብ ሲያገላብጥ ከረመ። ብዙ ጊዜ የተዘለለው ግን የቅጣቱ ነገር ነው። ጃኮብሰን 5 ዶላራቸውን ከፍለው ወደ ምእመኖቻቸው መመለስ ይችሉ ነበር። በ2021 እምቢ ያለ ሠራተኛ የተጠየቀው እንጀራውን ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የተነሣው ቴክሳስ፣ ሂውስተን ሜቶዲስት በተባለው የሆስፒታሎች ድርጅት ነው። 26,000 ገደማ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በ2021 ጸደይ ሁሉም እንዲከተቡ አዘዘ። ከመቶ በላይ ሠራተኞች ከሰሱ። በሰኔ ወር ዳኛ ሊን ሂዩዝ ክሱን ዘጉት፤ ማስገደድ የለም፣ ያልፈለገ ሌላ ቦታ መሥራት ይችላል አሉ። 153 ሰዎች ለቀቁ ወይም ተባረሩ።

ይህ አስተሳሰብ የቆየ ሥር አለው። በ1892 ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ፣ ያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ዳኛ ሳሉ፣ በፖለቲካ ተሳትፎው ከሥራ የተባረረ የኒው ቤድፎርድ ፖሊስ አቤቱታ ቀርቦላቸው ነበር። ሰውየው ስለ ፖለቲካ የመናገር መብት ይኖረው ይሆናል፣ ፖሊስ የመሆን መብት ግን የለውም ብለው ፈረዱ። መናገር መብት፣ ሥራ ግን ችሮታ ሆነ ማለት ነው። ችሮታ የሰጠ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥበት ይችላል። በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት የድጎማ ተቀባይን ሳያዳምጥ ድጎማውን ሊያቋርጥ አይችልም ሲል ይህን የመብትና የችሮታ አጥር በከፊል አፈረሰው። የግል አሠሪን ግን አልነካም። በአሜሪካ አብዛኛው ሠራተኛ ሕግ ባልከለከለው በማንኛውም ምክንያት ሊባረር ይችላል። ስለዚህ «መብቴ ነው» የሚለው ድምፅ የቱንም ያህል ቢጮህ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስለት ሕገ መንግሥት አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ግዴታው ሁሉ ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን በረዳት ነርስነት (ሲኤንኤ) እና በነርስነት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሥራው ምን እንደሚመስል እነሱ ይንገሩን። አልጋ ላይ የዋለን ሽማግሌ የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ ሰው ትንፋሹ ከታማሚው ትንፋሽ ጋር ይገናኛል። ታማሚው ማን ወደ ክፍሉ እንደሚገባ አይመርጥም። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በእነዚህ ተቋማት ከ200,000 በላይ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በኮቪድ ሞተዋል። የእነዚያ አረጋውያን በሕይወት የመኖር መብት ከክርክሩ ሊወጣ አይችልም፤ ክትባቱ በተገኘበት ሰሞን ለሆስፒታልና ለአረጋውያን ቤት ግዴታ ማድረጉ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 በጤና ተቋምና በሌላ የሥራ ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት አይቷል። የባይደን አስተዳደር 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ክትባት ወይም ሳምንታዊ ምርመራና ማስክ እንዲያስገድዱ ያወጣውን፣ 84 ሚሊዮን ሰው የሚመለከተውን ደንብ ስድስት ለሦስት አገደ። በዚያው ቀን ከመንግሥት የጤና መድኖች፣ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ፣ ገንዘብ በሚቀበሉ የጤና ተቋማት ላይ የተጣለው ግዴታ ግን በሥራ ላይ እንዲውል አምስት ለአራት ፈቀደ።

ደንቡ ሲታገድ ማንም ያላዘነለት አንድ አንቀጽ አብሮ ወደቀ። አሠሪው ለመከተቢያ እስከ 4 ሰዓት፣ ትኩሳትና ድካም ለያዘውም ማገገሚያ ጊዜ ከነክፍያው እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ ታሞ ሲቀር እንዲከፈለው የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው የአንድ ቀን ሽፍት መቅረት የቤት ኪራይ ነው። «እምቢተኛ» ከተባሉት ውስጥ ስንቱ ክትባቱን ሳይሆን ያልተከፈለውን ቀን ፈርቶ ይሆን? ለማስገደዱ የተከራከሩ ሰዎች ለዚህ አንቀጽ ያንኑ ያህል ቢከራከሩ ኖሮ ብዙ ሰው በፈቃዱ በተከተበ።

በዚያው ሰሞን ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ተስፋፋ። ክትባቱ ከጽኑ ሕመምና ከሞት መጠበቁን ቢቀጥልም፣ መተላለፍን የመግታት አቅሙ በጣም ደከመ። የግዴታው ዋና ምሰሶ ሌላውን መጠበቅ ስለነበር፣ ምሰሶው ሲላላ ቅጣቱም መላላት ነበረበት። በኒው ዮርክ የሆነው ተቃራኒው ነው። ከተማዋ በፌብሩዋሪ 2022 ከ1,400 በላይ ሠራተኞቿን አሰናበተች። በቀጣዩ ወር ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ በከተማዋ የሚጫወቱ ስፖርተኞችንና አርቲስቶችን ከግል ድርጅቶች ግዴታ ነፃ አደረጉ፤ ያልተከተበው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ካይሪ ኧርቪንግም በሜዳው መጫወት ቻለ። ቆሻሻ ሲያነሣ የኖረው ሠራተኛ ግን እንደተባረረ ቀረ። ቫይረሱ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም። ችሮታ የሚባለው ነገር በእውነት የታየው እዚህ ላይ ነው።

የተባረረ ሰው በብዙ ግዛቶች የሥራ አጥ ድጎማም አላገኘም፤ «በገዛ ጥፋትህ ነው» ተባለ። አዮዋ፣ ፍሎሪዳ፣ ካንሳስና ቴነሲ ሕጋቸውን ቀይረው ድጎማውን ፈቀዱ። ሃይማኖታዊ ምክንያት ያቀረበ ሰው የተሻለ በር ነበረው። በ2024 የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ድርጅት በእምነታቸው ምክንያት አንከተብም ብለው ሥራ ላጡ ስድስት ሠራተኞች ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ጁሪ ወሰነ። በመከላከያ ሠራዊቱ በማንኛውም ምክንያት አንከተብም ብለው ለተሰናበቱት ከ8,000 በላይ ወታደሮች ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 የመመለሻ ትእዛዝ ፈረሙ። እንደ ጃኮብሰን በልጅነቱ ተከትቦ ታሞ የፈራ፣ ወይም ሐኪም ቁጭ አድርጎ ያላስረዳው የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ ግን ጁሪም ፕሬዚዳንትም አልደረሰለትም። ሕጉ እምነትን ያውቃል፤ ፍርሃትን አያውቅም።

የጤና ሠራተኞች የፌዴራል ግዴታ በ2023 ተነሣ። ነገሩ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ እየሄደ ነው። አይዳሆ በ2025 ባወጣችው ሕግ ድርጅቶችና የመንግሥት ተቋማት ክትባትን ለሥራም ለአገልግሎትም ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርጉ፣ ከጥቂት ገደቦች ጋር፣ ከልክላለች። ትናንት ዋጋው ሁሉ የተጫነው እምቢ ባለው ሠራተኛ ላይ ነበር፤ በዚህ መንገድ ከተቀጠለ ዋጋው የሚተላለፈው ማን እንደሚያጥበው መምረጥ ወደማይችለው ታማሚ ነው። የተከፈለ ዕረፍት፣ ከታማሚ አልጋ ራቅ ያለ ጊዜያዊ ምደባ፣ ወረርሽኙ ሲያልፍ የመመለስ ዋስትና፣ ይህ ሁሉ በሕግ ሊጻፍ የሚችለው ወረርሽኝ በሌለበት በአሁኑ ጊዜ ነው። የሠራተኛ ማኅበራትና የሆስፒታል አስተዳደሮች በዚህ ላይ ከወዲሁ ሊነጋገሩ ይገባቸዋል።