ሥዕል ምልክትን ሲጠይቅ፦ ከኮሎምበስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ግዕዝ ፊደል

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ፣ ኮሎምበስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ ግዙፍ የአልሙኒየም ቅርጽ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት ሠዓሊ በችኮላ አየር ላይ የጣላቸው የብሩሽ ጭረቶች ይመስላል። ሲቀርቡት ግን ችኮላ የለበትም፤ በልክ ተቆርጦና ተገጣጥሞ ቀለም የተቀባ ብረት ነው።

“የብሩሽ ጭረቶች በበረራ ላይ” የተሰኘው ይህ ሥራ እአአ በ1984 በአሜሪካዊው ሮይ ሊክተንስታይን የተሠራ ነው። ሊክተንስታይን በዚያው ከተማ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1949 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀብሏል፤ አስተምሮበታልም።

መምህሩ ሆይት ሸርማን ተማሪዎቹን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ምስሎችን ለቅጽበት ብልጭ ያደርግላቸው ነበር። ተማሪዎቹም ያዩትን እዚያው ጨለማ ውስጥ ይሥላሉ። ዓላማው “ይህ ምንድን ነው?” ከማለት በፊት ቅርጹን በሙሉ ማየትን ማስለመድ ነበር።

ሊክተንስታይን ወደ ሙያው በገባበት ዘመን የብሩሽ ጭረት የሠዓሊው ስሜትና ነጻነት ምስክር ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሱ ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ ያንኑ ጭረት እንደ ካርቱን ሥዕል በጥቁር መስመር ከብቦ ሣለው። ስሜት እንዲህ በእርጋታ የሚገለበጥ ከሆነ፣ ተመልካቹ የሚያምነው ስሜቱን ነው ወይስ ምልክቱን?

ፊደል ሥዕል ሲሆን

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች እንግዳ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን የክታብና የብራና ምልክቶችን ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቷል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የግዕዝን ፊደል የሥራው ማዕከል አደረገ።

እአአ በ1950 አዲስ አበባ የተወለደው ወሰኔ በሸራው ላይ ፊደላትን ይሰብራል፣ ይለጥጣል፣ ይገለብጣል። ፊደሎቹ ቢታወቁም ቃል ሆነው ለመነበብ እሺ አይሉም።

በኮሎምበስም በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አሜሪካ ተወልዶ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንዲህ ካለው ሸራ ፊት ቢቆም የሚያየው ቅርጽና ቀለም ነው። ወላጁ ሳያስበው ለማንበብ ይሞክራል፤ ቃሉ ግን አይገጥምለትም። ለጥቂት ጊዜ እርሱም እንደ ልጁ ያያል፤ ልጁ በየዕለቱ በአማርኛ ጽሑፍ ፊት የሚሰማውን ያውቀዋል።

ልዩነቱ ወላጁ ዞር ብሎ ጋዜጣ ማንበብ መቻሉ ነው። ፊደሉ ለልጁ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቅር ወይስ ቃል ይሁን የሚለውን ሥዕሉ አይወስንም፤ የሚወስነው ፊደል የሚቆጠርበት ቤት ነው።