ቡፌ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዋጋ ያልወጣለት ሀብት

ወርቁን መሸጥ የፈለገ የመቀሌ ሰው ብዙ አይጉላላም። ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበቱን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ካራቱ ይታያል፣ የዕለቱ ዋጋ በግራም ይነገረዋል። ካልተስማማው ወጥቶ የሚቀጥለውን ሱቅ ይጠይቃል። የሁለቱ ሱቆች ዋጋ ቢለያይ እንኳ አይራራቅም። በዚያው ሰው ቤት ቡፌ ውስጥ ደግሞ ከአያት የወረደ ብርሌ፣ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ ስድስት ሲኒና ኢናሜል የተቀባ ባለ አበባ የብረት ሰሃን አለ እንበል። እነዚህን ይዞ ቢወጣ የት ይሄዳል? ማን ይመዝንለታል? አንዱ ሃምሳ ብር፣ ሌላው አምስት ሺሕ ብር ቢለው የትኛው እውነቱን እንደነገረው በምን ያውቃል?

አሮጌ የመስታወት፣ የሸክላና የጌጥ ዕቃ መሰብሰብ በሌላው ዓለም ጨረታ ቤት፣ ገማች ባለሙያ፣ ካታሎግና መድን ያለው ንግድ ነው። እኛ ዘንድ ዕቃው በየቤቱ አለ። ፈላጊም አለ፦ የባህል ምግብ ቤቶች ግድግዳቸውን ያስጌጡበታል፣ ከውጭ የሚመጣው ወገን የእናቱን ቤት የሚያስታውሰውን ይፈልጋል፣ አዲስ ቪላ የሠራው ሰው ሳሎኑን ያሳምርበታል። የጎደለው በሻጩና በገዢው መካከል ሊቆም የሚገባው ዕውቀት ነው። ጉድለቱን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ሻጩ፣ ማለትም ዕቃውን ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት ከመሰበር ጠብቆ ያቆየው ቤተሰብ ነው።

ይህን ለማየት ዓይናለም ጥሩ ቦታ ነው። ዓይናለም ከመቀሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከጉድጓዶቹ የሚሳብበት አካባቢ ነው። የከተማው መስፋፋት የገበሬውን ማሳ እየገፋ ሄዷል። በገበሬው የድንጋይ ቤት፣ በህድሞ ውስጥ፣ ዕቃ ቦታ አለው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ ማስቀመጫ ይበጅለታል፣ ጋኑም እንስራውም ማዕዘን አያጣም። ቤተሰቡ ወደ ብሎኬት ቤት ወይም ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ የት ይገባል? በየከተማው ዳር አሮጌ ዕቃ ወደ ገበያ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቱ የሚሸጠው ገንዘብ ቸግሮት ላይሆን ይችላል፤ ቦታ ጠቦታል፣ ይቸኩላል። የቸኮለ ሻጭ ደግሞ የመደራደር አቅም የለውም።

በየሰፈሩ የሚዞረውን ልዋጭ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ ሲኒና ብርጭቆ ተሸክሞ ይመጣል፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ይዞ ይሄዳል። አሮጌ ጫማ በስንት ሲኒ እንደሚለወጥ እሱም የቤቱ እመቤትም ያውቃሉ፤ በየሳምንቱ ስለሚገበያዩ ዋጋው የታወቀ ነው። አሮጌው ሲኒ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። በየሰባት ዓመቱ አንዴ የሚሸጥ ዕቃ የሚነጻጸርበት ሌላ ሽያጭ ስለሌለው ዋጋው የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ ማን የበለጠ ያውቃል በሚለው ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ ገበያ ነበር፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራንም አንዱ ሆኗል። በእሱ ምሳሌ የበለጠ የሚያውቀው ሻጩ ነው። በአሮጌ የቤት ዕቃ ገበያችን ግን የሚያውቀው ገዢው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ማን በስንት እንደሚወስድለት ያውቃልና። ስለዚህም ገበያው በአከርሎፍ መንገድ አይፈርስም። ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ግን በሻጩ ኪሳራ ነው።

ሰሜኑ ለእንዲህ ያለው ዕቃ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ብዙ ዓይነት የመስታወት ሥራ ይቆጥራል። አክሱም ውስጥ ከተቆፈሩ መቃብሮችም የመስታወት ዋንጫዎች ወጥተዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መስታወት በምፅዋ በኩል ይገባ ነበር፤ በየመኳንንቱ ግብር ላይ ጠጅ በብርሌ የቀረበላቸው ተጓዦች ስለዚሁ ጽፈዋል። መቀሌ ራሷ የንግድ ከተማ ናት። ከአፋር ቆላ በግመል የሚወጣው የአሞሌ ጨው ይራገፍባት ነበር፤ አጼ ዮሐንስ አራተኛም በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ አሠርተውባታል። ጨው ወጥቶ ጨርቅና መስታወት ሲገባ በኖረበት መንገድ ዳር ያለ ቤተሰብ ቡፌው ውስጥ የሩቅ አገር ዕቃ ቢገኝ አይገርምም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየቤቱ ያለው ሲኒና ሰሃን አብዛኛው በ20ኛው መቶ ዘመን በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ነው። ብርቅ አይደለም፤ ለባለቤቱ የሚወደድ ቢሆንም ሀብታም አያደርግም። አሮጌ ሁሉ ውድ ነው የሚል ሰው ከገዢም ከሻጭም የበለጠ ይጎዳል፤ ነገ ይወደድልኛል ብሎ ገንዘቡን ቡፌ ውስጥ ይቆልፋልና። ሲኒ ወለድ አይከፍልም፣ ኪራይ አያስገባም፣ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ወርቅ እንደሚቀልጠው ቀልጦ አይዳንም። ስድስት ከሆነው ረድፍ አንዱ ሲሰበር የሚቀነሰው አንድ ስድስተኛ አይደለም፤ ገዢ የሚፈልገው ሙሉውን ስለሆነ የአምስቱም ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

ዕቃን መለየት የሚጀምረው በመገልበጥ ነው። ብርሌ ሲገለበጥ ታቹ መሀል ላይ ሻካራ ጠባሳ ካለው፣ መስታወቱ በትንፋሽ ተነፍቶ ከብረቱ ዘንግ ሲላቀቅ የቀረ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንገቱ በትንሹ ያዘነብላል፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ውስጡ የአየር አረፋ ይታያል። በቅርጽ ማውጫ የተሠራው ግን ከታች ወደ ላይ በጎኑ የሚወጣ ቀጭን የስፌት መስመር አለው፤ ጣት ሲያልፍበት ይሰማል። እነዚህ ምልክቶች አሠራሩን ይናገራሉ እንጂ ዕድሜውን አያረጋግጡም። የተጻፈ ቀንም እንዲሁ ብዙ አይታመንም። ሁላችንም የምናውቀው የማርትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የተመቱትም ያንኑ ቀን ይዘዋል። ማርትሬዛ ግን ውስጡ ያለው ብር በሚዛን ስለሚታወቅ ቀኑ ባይታመንም ዋጋ አያጣም። ብርሌ እንዲህ ያለ መሠረት የለውም። ዋጋው ያለው በታሪኩ ነው፦ የማን ነበር፣ ከየት መጣ፣ መቼ ተገዛ፣ ማን ያውቃል?

ታሪክ ዋጋ እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት ሽያጮችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ15ኛው መቶ ዘመን የቻይናው ንጉሥ ቼንግኋ ዘመን የቀረች፣ ዶሮዎች የተሣሉባት፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ አንዲት ኩባያ በ36 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ተሸጣለች። ቢጤዎቿ በዓለም ላይ ጥቂት መሆናቸውና በማን በማን እጅ እንዳለፈች በጽሑፍ መታወቁ ነው ያን ዋጋ የሰጣት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ጣሪያ ሥር የተቀመጠውን የአበባ ማስቀመጫ በጫማ ካርቶን ይዞ ወደ ሶዝቢስ ጨረታ ቤት ሄደ። የንጉሥ ቺያንሎንግ ዘመን ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 700 ሺሕ ዩሮ ይደርሳል ተብሎ ተገምቶ 16.2 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። ካርቶን ውስጥ ሳለና ጨረታው ላይ ሲቀርብ ዕቃው ያው ነው። በመካከሉ የተጨመረው አንድ ባለሙያ ገልብጦ ማየቱ ነው። ዓይናለም የሚኖሩ እናት ግን ዕቃቸውን ይዘው የሚሄዱበት እንዲህ ያለ በር የላቸውም፤ ዕቃው ወደሚታወቅበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ገዢው በራቸው ላይ ይቆማል። «ኣደይ፣ ይኼ ለእርስዎ ምን ይሠራልዎታል?» ይላል።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ባንክ ሲዘጋ የሆነው ደግሞ የዚህ ገበያ ክፉ ገጽታ ነበር። አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ነው። በመሀሉ ባለው ጊዜ በባንክ ደብተሩ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ጥሬ ብር አልነበረውም፤ በ2014 የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ ትግራይ ውስጥ ያለው የእህል ዋጋ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይከፋ ነበር። ሰው ጌጡንና የቤት ዕቃውን ሸጦ በላ። ሁሉም ሻጭ ሆኖ ጥሬ ገንዘብ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ሲሆን ዋጋ ይወድቃል፤ ወርቅ እንኳ በርካሽ ሄዷል። ወርቅ ግን በርካሽ ቢሄድም ኋላ በገበያው ዋጋ መልሶ ሊገዛ ይችላል። ከቤት የወጣው የአያት ብርሌ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ታሪኩን የምታውቀው እናት በአንድ ቤት፣ ዕቃው በሌላ ቤት ቀርተዋል። በጦርነቱ ስለተዘረፈው አልናገርም፤ እሱ ገበያ አይደለም፣ ወንጀል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በባለቤትነት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ቅርስን ለንግድ ዓላማ መግዛትና መሸጥን ግን ይከለክላል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም እንዲሁ። ዓላማውን እደግፋለሁ። አንድ ጊዜ የወጣ ቅርስ ለመመለስ ምን ያህል ዘመን እንደሚፈጅ ከመቅደላ እናውቃለን፦ በ1860 ከተዘረፈው መካከል የቀንድ ዋንጫዎችና ሌሎች ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረክቧል። ዋንጫ የቤት ዕቃ መሆኑን ልብ በሉ። ሊመለሱ የቻሉት ከመቅደላ መምጣታቸው ስለታወቀ ነው።

የአዋጁ ችግር ወሰኑ ላይ ነው። የቅርስ ትርጓሜው እጅግ ሰፊ ስለሆነ በ1950ዎቹ የተገዛ የፋብሪካ ሲኒ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ተራ ሰው አያውቅም፤ ነጋዴውም አያውቅም፣ ወይም አላውቅም ይላል። ጥርጣሬ ያለበት ንግድ ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ሱቅ አይከፍትም፣ ዋጋ አይለጥፍም። ተደብቆ ስለሚሠራ የሻጩን ድርሻ ያሳንሳል፣ የደላላውን ያሳድጋል። ቁጥጥሩ ጠንክሮ የሚታየው መውጫው በር ላይ ነው፤ ቱሪስቱ የገዛውን ዕቃ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ ይወስዳል። መግቢያው በር፣ ማለትም ዕቃው ከቤት የሚወጣበት ቦታ ላይ ግን ማንም የለም።

የቤት ዕቃ በአንድ ሰው ጥረት ተሰብስቦ ምን ሊሆን እንደሚችል ያየነው ሐረር ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቡትን በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም አድርገውታል። ሐረር በዚህ ትታደላለች፤ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ሰሃንና ስፌት ግድግዳ ላይ መደርደሩ የቤቱ ሥርዓት ስለሆነ ዕቃው ማዕረጉን ሳያጣ ኖሯል። የእሳቸው ሥራ ለኢኮኖሚ ጸሐፊ የሚለው አንድ ነገር አለ፦ ዕቃው ከነመገኛው በአንድ ቦታ ሲከማች ማነጻጸሪያ ይሆናል። ተመሳሳይ ዕቃ ቤቱ ያለውን ሰው «ሄደህ ተመልከት» ማለት ይቻላል።

መቀሌ ለዚህ የሚሆን ተቋም አይጎድላትም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቅርስ ጥበቃ ላይ የሚሠራ ኢንስቲትዩት አለ፤ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም አለ። እኔ የምጠይቀው ሙዚየም መሥራት አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ዓይናለምን በመሰለ ሰፈር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሰው ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ፣ ገልብጦ ማየት፣ ፎቶ ማንሣት፣ የባለቤቷን ቃል በትግርኛ መጻፍና አንድ ቅጂ ለራሷ መስጠት ነው። ቅርስ የሆነው እዚያው ይለያል፤ ያልሆነው «ተራ አሮጌ ዕቃ» የሚል ወረቀት ይዞ በነፃነት ይሸጣል። ያ ወረቀት የመጀመሪያው የዋጋ መነሻ ነው።

እንዲህ ያለው ምዝገባ ለባንኮችም ቢሆን ጥቅም አለው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት የብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ተከፍቷል፤ ከብት ሳይቀር በመያዣነት ይቆጠራል። አሮጌ ዕቃ ዛሬ ነገ መያዣ ይሆናል አልልም፣ ገማች የሌለው ንብረት መያዣ ሊሆን አይችልምና። ጉዳዩ የገማች ሙያ ነው፤ ገማች የሚወጣው ደግሞ ሺሕ ዕቃ ገልብጦ ካየ ሰው ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር ተሻግሯል። በዶላር የሚያስብ ገዢ የእኛን አሮጌ ዕቃ ከበፊቱ በረከሰ ዋጋ ያገኘዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው የሚዘረጋው ዘንድሮ ቢሆን ይሻላል፤ ከገዢዎቹ ቀድሞ።