መልክዐ ምድርና የዕለት ኑሮ በኢትዮጵያ ሥዕል፦ አጭር ዳሰሳ

በ17ኛው መቶ ዘመን (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሆላንድ አገር ያን ቫን ጎየን (1596–1656) የወንዝ ዳርቻንና ተራውን መንደር በጥቁር ጠመኔና በቀጠነ ግራጫ ቀለም ሲነድፍ፣ አድሪያን ቫን ኦስታደም የባላገሩን ጎጆና የመጠጥ ቤቱን ጨዋታ ሲሥል፣ ምድርና ኑሮ ያለ ቅዱሳን ታሪክ ብቻቸውን ለሥዕል የበቁ ሆነው ተቈጠሩ። በዚያው ዘመን ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቈረቈሩባት በኢትዮጵያ ግን ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበርና፣ ምድርም ኑሮም ወደ ሥዕል የገቡት በቅዱሳኑ ታሪክ በር ነው።

የጎንደር ሠዓልያን በ1591 በሮም የታተመውን የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ለብራና ወንጌሎቻቸው አርአያ ቢያደርጉም፣ በስተኋላ ያለውን ሜዳና ተራራ አቅልለው ስፍራውን በኅብረ ቀለም ይሞሉት ነበር፤ ታሪኩ ዋና፣ ቦታው ትርፍ ነውና። ኑሮ ግን ከምድር ይልቅ በቀላሉ ዘለቀ፤ የሰው በላውን የበላዔ ሰብእን ተአምር የሚሥል እጅ፣ እርሱ ለተጠማው ድኻ የሚሰጠውን ውኃና የድኻውን ችግር መሣሉ ግድ ነበር፤ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴም እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲታዩ፣ የዘመኑ የመሳፍንት ልብስ አብሮ ተመዝግቧል።

ፍጥረትን ለራሱ ብሎ የነደፈው እንግዳ ነው። በአዊ ካለችው ከግምጃ ቤት ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሰከላ ወዳለው ግሽ ዓባይ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ፣ የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ የጉዞው ሠዓሊ ነበር፤ እንደ ኮሶ ያሉትን ዕፀዋት ቅጠል በቅጠል ነድፎ በጎንደር ሲሞት፣ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የድካሙን ክብር ለባለቤቱ አልሰጠም። ከእርሱ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራይን ተራሮች፣ በደጃች ውቤና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደርም አገሩንና ሕዝቡን ነደፉ።

ከዐድዋ ድል ወዲህ በአዲስ አበባ እንግዳ ሲበዛ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን ጦርነቱን፣ ግብሩንና አደኑን ለሽያጭ ይሥሉ ጀመር፤ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምሮ ተመለሰ፤ አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1958 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተፈጥሮን እያዩ መንደፍን መደበኛ ትምህርት አደረገው። የጎጃም ተወላጁ ቄስ አዳሙ ተስፋው ግን የቤተ ክርስቲያኑን መሥመር ሳይለቁ ዓለማዊውንም ታሪክ ሥለዋል።

እንግዲህ የሆላንዱ ሠዓሊ ኑሮን ከመቅደስ አውጥቶ ነደፈ፤ የእኛው ግን ወደ መቅደስ አግብቶ አኖረው። ስለዚህ የጥንቱ ባላገር ምን ይለብስ፣ በምን ይጠጣ እንደ ነበር የሚመረምር ሰው የተአምሩን ብራናና የመቅደሱን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ማንበብ ይገባዋል፤ የአዊ አድባራትም በዚህ ዓይን ተመርምረው ቢመዘገቡ የጥናቱ መስክ ይሰፋል።