ቅጹ ጥቅምት 28ን ለምን ተቀበለ?

ጥቅምት በጌዴኦ የእሸት ቡና ለቀማ ወቅት ነው። ይርጋጨፌ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ርክክቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛወረ እንበል። ፕሮግራሙን የጻፈው የዲላ ልጅ ነው፤ የሠራውም በጃንጎ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ በሚገኘው የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ።

መዝጋቢዋ 2018-02-30 ብላ ትጽፋለች፤ ጥቅምት 30 ማለቷ ነው። ጃንጎ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያነበው «ትክክለኛ ቀን አስገቢ» ይላታል። ይህስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ተናገረ። እኔን የሚያስፈራኝ ጥቅምት 28 ነው። እሱን ትንፍሽ ሳይል ተቀብሎ ፌብሩዋሪ 28፣ 2018 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ እውነተኛው ቀን በፈረንጅ ኖቬምበር 7፣ 2025 ሆኖ ሳለ። ቡናው ከመለቀሙ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ቀድሞ ጣቢያው ተረክቦታል ማለት ነው!

የጃንጎ ቅጽ ላይ አንዱ ፊልድ ሁለት ክፍል አለው። ዊጅት የሚባለው ዓይን የሚያየው ነው፤ መጻፊያ ሳጥኑ ወይም የወራት ዝርዝሩ። ከኋላ ያለው ፊልዱ ራሱ ነው። ከብሮውዘር የሚመጣለት ተራ ጽሑፍ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ፓይተን እሴት ይለውጠዋል፣ ከዚያ ባዶ አለመሆኑንና ሌሎች ደንቦችን ያያል።

ብዙ ጀማሪ ዊጅቱን ብቻ ነው የሚነካው። መስከረም፣ ጥቅምት ብሎ ወራቱን ይደረድራል፤ ያምራል፣ ስህተቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። መቀየር ያለበት ልወጣው ነው። የጃንጎን የቀን ፊልድ፣ ዴትፊልድን፣ የሚወርስ ክላስ ይጻፍና «ቱ ፓይተን» የተባለው ፈንክሽን ይተካል። አዲሱ ፈንክሽን ወሩ ከ1 እስከ 13 መሆኑን ያረጋግጣል። ጳጉሜን ሲደርስ ዓመቱን ለ4 ያካፍላል፤ 3 ከተረፈ እስከ 6፣ አለዚያ እስከ 5 ብቻ ይፈቅዳል። በመጨረሻ ቀኑን በጎርጎርዮስ አስልቶ ያስረክባል።

መዝገቡ ለእርማት ሲከፈት ደግሞ «ፕሪፔር ቫልዩ» የተባለው ፈንክሽን እንዲሁ ተተክቶ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ መዝጋቢዋ ተሳስታ ቅጹ ሲመለስባት፣ ለዚህ ፈንክሽን የሚደርሰው ቀን ሳይሆን ራሷ የጻፈችው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከሆነ እንዳለ ይለፍ፤ እንደ ቀን ሊያሰላው ከሞከረ ገጹ ይበላሻል።

ነጋዴው በፈረሱላ የሚናገረውን ተቀብሎ በ17 አባዝቶ በኪሎ የሚያስቀምጥ ፊልድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን «የአባት ስም» ለማድረግ ግን ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም፤ ሌብሉን፣ ማለትም የፊልዱን መጠሪያ ጽሑፍ፣ መቀየር ይበቃል።