«ሰላም» «ሸሓሥ» ሲሆን
ልጆቻችን በኮምፒውተር የሚሠሩት የሚስጥር ፊደል

በልጅነቱ «የወፍ ቋንቋ» ያላወራ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ትልልቆቹ እንዳይገባቸው ቃሉን እየሰባበርን እናወራ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር መማር የጀመሩ ልጆቻችን ያንኑ ጨዋታ በፕሮግራም እንዴት እንደሚሠሩት እናያለን።

ነገሩ የቆየ ነው። የሮማው ጁሊየስ ቄሳር ሚስጥር ሲጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቦታ አልፎ ባለው ፊደል ይተካው ነበር ይባላል። በኛም ፊደል ይቻላል።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ስለተሰጠ «ለ» 4616 ላይ ነው። ስለዚህ 8 ስንደምር ፊደሉ ወደሚቀጥለው ቤት ይዘላል፤ ራብዑ ግን ራብዕ፣ ሳድሱም ሳድስ እንደሆነ ይቀራል።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ቃሉን መቀበል፤
2. እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥሩ መለወጥ፤
3. 8 መደመር፤
4. ድምሩን መልሶ ፊደል ማድረግ።

«ሰ» «ሸ» ይሆናል፤ «ላ» «ሓ»፣ «ም» ደግሞ «ሥ»። ለመፍታት 8 መቀነስ ነው። ልጆች ሁለት ነገር ልብ በሉ። በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እንዲያልፈው ፕሮግራሙን ካላዘዛችሁት ቅንፍ ይሆንባችኋል። «ቁ» ላይ 8 ስትደምሩ ደግሞ ፊደል የሌለበት ቦታ ላይ ትወድቃላችሁ። መፍትሔው የትኛው ፊደል በየትኛው እንደሚተካ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ይህ መማሪያ እንጂ መደበቂያ አይደለም! 1 ብቻ ብንደምር «ሰላም» «ሱሌሞ» ይሆናል፤ ይህን ማንም ይደርስበታል። በራሳችን ሰንጠረዥ ብንጽፍም ደብዳቤው ረዘም ካለ ይፈታል። በ9ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ የነበረው ሊቅ አል-ኪንዲ ዘዴውን ጽፎታል፦ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመውን ምልክት ፈልጎ፣ በቋንቋው ብዙ ከሚደጋገመው ፊደል ጋር ማስተያየት ነው። በአማርኛ «ን» ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይህንኑ ጽሑፍ ቆጥራችሁ እዩ።

ቁጥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሞባይል ገንዘብ የምንቀበልበትን የሚስጥር ቁጥር «እያንዳንዱ ላይ 3 ደምሬ ነው የጻፍኩት፣ ማን ያውቀዋል?» ብለን ሲም ካርዱ ማቀፊያ ላይ ብናስቀምጠው፣ ያገኘው ሰው ከ1 እስከ 9 ያሉትን እየቀነሰ ቢሞክር አንዱ ልክ ይመጣለታል። የልጆች ቀለብ የሚገዛበትን ገንዘብ በዚህ አንመን። የሚስጥር ቁጥራችንን በቃላችን እንያዝ፤ በስልክ ለጠየቀንም አንንገር።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ፕሮግራሙን ሲሠሩ አበረታቷቸው፤ ፊደልም ሒሳብም አብረው ይማሩበታል። እስቲ ይህን ፍቱ፦ «ሐሀመ»። ከእያንዳንዱ ፊደል 8 ቀንሱ ስንላችሁ «ሀ» ላይ ምን እንደሚገጥማችሁ ታያላችሁ! ከ«ሀ» በፊት የኛ ፊደል የለም፤ ሰንጠረዥ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።