ግማሽ ማራቶን በአያት ዳገት፦ የባልንጀራ ድርሻ

እሑድ ማለዳ፣ ገና ታክሲው ሳይበዛ፣ በአያት አደባባይ አካባቢ ሦስትና አራት እየሆኑ የሚሮጡ ሰዎችን ማየት የተለመደ ሆኗል። አብዛኞቹ አትሌቶች አይደሉም፤ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ እንደ እኔ ያሉ የጤና ባለሙያዎችም ናቸው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከተካሄደ ወዲህ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለብዙ የከተማችን ነዋሪዎች የዓመት ልማድ ሆኗል። ከዚህም አልፎ ግማሽ ማራቶንን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ለመሮጥ የሚነሣሣው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ወገኖች፣ እንዲሁም ምክር የሚጠየቁ የሙያ ባልደረቦቻችንን ይመለከታል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ገጠመኝ ነው። አምስት ባልንጀራሞች ለግማሽ ማራቶን ስንዘጋጅ ከአያት ተነሥተን ወደ ካራ አቅጣጫ ያለውን ዳገት እንወጣ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዕድሜው አርባዎቹን ያጋመሰና ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ጨዋታ በማሳመር የሚታወቀው እርሱ ነው። በዚያን ዕለት ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ዝም አለ። እኔ ከፊት ሆኜ ሰዓቴን እመለከት ስለነበር ዝምታውን ልብ አላልኩትም። ሩጫው ካለቀ በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ ዳገቱ ላይ ደረቱን ከባድ ነገር እንደተጫነውና ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ እንደወረደ እንደ ቀላል ነገር አወጋን። ለምን እንዳልነገረን ብንጠይቀው «ሩጫችሁን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው» አለ። በማግስቱ ምርመራ ተደርጎለት ልብን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ በእጅጉ መጥበቡ ታወቀ።

ሐኪም ሆኜ አጠገቡ እየሮጥኩ ያለፈኝ ምልክት ምን ነበር? ይህን ለመመለስ ዳገትና ቁልቁለት በሰውነት ላይ የሚያደርጉትን በቅድሚያ ማየት ይገባል።

ዳገቱና ትንፋሹ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ብዙዎቻችን «እኛ ደገኞች ነን፣ ለምደነዋል» እንላለን። አባባሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራራዎች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በእንዲስና በቲቤት ደገኞች ላይ ከታየው የተለየ በመሆኑ ተመራማሪዎችን አስደንቋል። ይሁን እንጂ ጥናቱ ስለ ደም እንጂ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚውል ሰው የልብ ቧንቧ የሚናገረው ነገር የለም። ደገኛ መሆን ከደም ግፊት፣ ከስኳር በሽታና ከኮሌስትሮል አያድንም።

በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ መሮጥ፣ በሜዳ ላይ ያንኑ ርቀት ከመሮጥ ጋር ሲነጻጸር የሚጠይቀው ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ያው መንገድ ቁልቁል ሲሆን ጉልበት ይቆጥባል፤ ሆኖም የሚቆጠበው ዳገቱ የወሰደውን ያህል አይደለም። ስለዚህ «ዳገቱን የከፈልኩትን ቁልቁለቱ ይመልስልኛል» የሚለው የሯጮች ሒሳብ ሁልጊዜ ጉድለት አለው። በሜዳ የለመዱትን ፍጥነት ዳገት ላይ ለመጠበቅ የሚታገል ሰው ልቡን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል። ቁልቁል ያለ ዳገት ሲገጥም እርምጃን ማሳጠር፣ ካስፈለገም በእግር መራመድ የሽንፈት ምልክት አይደለም። በዚህ ረገድ አንድ ነገር ማንሣት ይቻላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 በአሪዞና በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ግማሽ ማራቶን ሮጦ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ለመዝናናት የሚሮጥ የቢሮ ሠራተኛ ይህንኑ ርቀት ለመጨረስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ልቡ በሥራ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከሻምፒዮኑ ከእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ታዲያ ልክን በምን ማወቅ ይቻላል? የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ይታያል። ነገር ግን እንደ አቴኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ፣ ሰዓቱ «ደኅና ነህ» እያለ ሰውየው አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ይልቅ ገንዘብ የማይጠይቀው መለኪያ ንግግር ነው። ሯጩ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳያቋርጠው መናገር ከቻለ ሩጫው መካከለኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ማረፍ ካስፈለገው ከባድ ሆኗል፤ መመለስ ካቃተው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ይህ መለኪያ ግን ብቻውን ለሚሮጥ ሰው ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያናግር ሰው ያስፈልገዋል። እኔን ያመለጠኝም ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ሰው ዝም ሲል መጠየቅ ነበረብኝ።

ባልንጀራ ያድናል፤ ባልንጀራ ሊጎዳም ይችላል። በቡድን ሲሮጡ ፍጥነቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የበረታው ነው፤ የደከመውን ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል። እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ሥርዓቱን ገልብጠን፣ ዳገት ላይ ከሁሉ ቀርፋፋው ፊት እንዲሆን ወስነናል። ለመቆም የፈለገ ሰው ምክንያት እንዲያቀርብም አይጠየቅም። ደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከተሰማ ሩጫው የዚያን ዕለት አብቅቷል፤ ዕረፍት ሲያደርጉ ቢጠፋም እንኳ ሳይመረመሩ እንደገና መሮጥ አይገባም።

ልብ ድንገት ቢቆም

አንባቢ ከመጠን በላይ እንዳይሠጋ ቁጥሩን መጥቀስ ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን የተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ሯጮችን የሸፈነ ጥናት ልባቸው በድንገት የቆመ 59 ሰዎችን መዝግቧል። ይህም ከ184,000 ተሳታፊዎች አንድ ማለት ሲሆን፣ በግማሽ ማራቶን ከማራቶን ያነሰ ነው። ከ59ኙ 42ቱ ሞተዋል። በሕይወት ከተረፉት ጋር ጎልቶ የተያያዘው ነገር አጠገባቸው የነበረ ሰው ወዲያውኑ ደረታቸውን መጫን መጀመሩ ነው።

ስለዚህ ከሯጮቹ ቢያንስ ሁለቱ ይህን ሊያውቁ ይገባል። የወደቀው ሰው ሲጠሩት የማይመልስና ትክክለኛ ትንፋሽ የሌለው ከሆነ አንዱ ወደ 907 ወይም 939 ይደውላል፤ ሌላው በደረቱ መካከል ላይ መዳፎቹን ደራርቦ፣ ክርኑን ሳያጥፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር እየሰመጠ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። ሲደክመው ይተካካሉ። ውኃ መርጨት፣ ሽቶ ማሽተት፣ ሰውየውን ማቀፍና ማቆም ጊዜ ከማባከን በቀር የሚፈይዱት የለም። አንድ ለየብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን እርዳታ ከየት ያገኛል?

ቁልቁለቱና ጡንቻው

ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚከለክለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁል ስንሮጥ የጭን ፊት ጡንቻ እየተሳበ ሳለ ሰውነትን ይዞ ያቆማል፤ ከጀርባው ላይ ሸክም ቀስ አድርጎ እንደሚያወርድ ሰው ነው። በዚህ ዓይነቱ ሥራ የጡንቻው ጭረቶች በጥቂቱ ይሰነጠቃሉ፤ ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያም ይለቃል። መልካሙ ነገር፣ ጡንቻው አንድ ጊዜ በቁልቁለት ከተፈተነ ለቀጣዮቹ ሳምንታት በተመሳሳይ ሥራ የሚደርስበት ጉዳት ያንሳል። ስለሆነም ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ቀስ ያለ የቁልቁለት ልምምድ ማድረግ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ሕመሙ እጅግ የበረታ፣ ሽንቱም እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የጡንቻው ፍርስራሽ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሕመም እንዳይሰማ ተብሎ ከሩጫ በፊት ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ አይመከርም። እነዚህ መድኃኒቶች ውኃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ለኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ።

ውኃን በተመለከተ ጥማትን መከተል በቂ ነው። ብዙ መጠጣት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ ጉዳት አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩ 488 ሯጮች 13 በመቶ የሚሆኑት በደማቸው ያለው የሶዲየም መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ በውድድሩ ወቅት ክብደት መጨመር፣ ማለትም ከሚወጣው በላይ መጠጣት፣ ዋነኛው ተያያዥ ምክንያት ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚሮጥ ሰው ጥቂት ጨውና ስኳር የተጨመረበት በሶ ጥሩ ስንቅ ነው። ሆድ እንዳያስቸግር ግን በውድድሩ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ በልምምድ መሞከር ይኖርበታል።

ስለ ውሾችም አንድ ቃል። ጎሕ ሳይቀድ ለሚሮጥ ሰው በየሰፈሩ የሚንጋጉ ውሾች ትልቅ ሥጋት ናቸው፤ በቡድን መሮጥ እዚህም ይረዳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጠየቅ አለበት።

ባልንጀራችን ጠባቡ የደም ቧንቧ ተከፍቶለት ከሐኪሙ ጋር እየተመካከረ በመጀመሪያ በሜዳ ላይ መራመድ፣ ቀጥሎም ሶምሶማ መሮጥ ጀመረ። አሁን እሑድ እሑድ አብሮን ይወጣል። ዳገቱ ላይ ከፊት የሚሆነው እርሱ ነው፤ ጨዋታውንም ሳያቋርጥ ይወጣዋል። ዝም ካለ ሁላችንም እንቆማለን።