ክረምቱን ያረፈ ልጅ በመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ 90 ደቂቃ መጫወት አለበት?



ዝናቡ አባርቶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ላይ ምን እንደሚጀመር ታውቁታላችሁ። ቡድኖች ይሰባሰባሉ፣ የዝግጅት ልምምድ ይጀመራል፣ ከዚያ የመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ይደርሳል። ለታዳጊዎቹ ይህች ጨዋታ ቀላል አይደለችም። "ዛሬ አሰልጣኙ ካየኝ አየኝ" ብለው ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ለነቀምቴ ከተማ እሰለፋለሁ ብሎ የሚያልም ልጅ እግሩን ቢያመውም አይናገርም፣ ቢደክመውም ቀይሩኝ አይልም።

እኔ ደግሞ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር እነዚህን ልጆች ክሊኒክ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ዛሬ ለወላጆች፣ ለአሰልጣኞች እና ለራሳቸው ለተጫዋቾቹ የምለው ነገር አንድ ነው፦ የመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታ ፈተና አይደለም፣ የልምምድ አንዱ ክፍል ነው። ለምን?

1. አሜሪካኖች ከቤዝቦል ምን ተማሩ?

ቤዝቦል እኛ ጋ ብዙም አይታወቅም፣ ግን የሚያስተምረን ነገር አለ። በጨዋታው ኳስ ወርዋሪ አለ። በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ስለሚወረውር የክንዱ ጅማት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪ ክርን ላይ የተጎዳውን ጅማት በሌላ ጅማት ተክተው ቀዶ ጥገና ሠሩለት። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በተጫዋቹ ስም ይጠራል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ለአዋቂ ፕሮፌሽናል የተጀመረ ሕክምና ኋላ ላይ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጆችም የሚሠራ ሆነ።

ምክንያቱ ሲጠና ዋናው ጥፋተኛ ድካም ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የሚወረውሩ ታዳጊዎች ቀዶ ጥገና ላይ የመድረስ ዕድላቸው 36 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በ2014 ለየዕድሜው የውርወራ ገደብ የያዘ መመሪያ ወጣ። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 በላይ አይወረውርም፤ ከ65 በላይ ከወረወረ ደግሞ 4 ቀን ያርፋል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። በሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ወርዋሪ እንኳ በመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታ ከ9ኙ ዙር አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ ተጫውቶ ይወጣል። ጎበዝ ቢሆንም፣ ቢያሸንፍም ይወጣል። በሚቀጥለው ትንሽ ይጨመርለታል። እኛ ጋስ? የ15 ዓመት ልጅ ሁለት ወር ኳስ ሳይነካ ከርሞ በመጀመሪያው ቀን 90 ደቂቃ ይሮጣል።

2. የልጅ አጥንት የትንሽ አዋቂ አጥንት አይደለም

ልጅ ሲያድግ አጥንቱ የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ ለስላሳ ክፍል ነው። ትልልቅ ጡንቻዎች በጅማት ተያይዘው የሚጎትቱት በዚሁ አካባቢ ነው። በተለይ ልጁ በአንድ ዓመት "ተመዘዘ" በምንልበት ጊዜ (ወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ 13 እና 14 ዓመት አካባቢ) አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻው ተወጥሮ ይቀራል። በዚህ ላይ ሩጫ፣ ዝላይ እና ምት ሲደራረብ ሁለት ቦታ ያማል፦

- ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ ቅልጥሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እብጠት እና ሕመም። ስሙ ኦስጉድ ሽላተር ይባላል።
- ተረከዝ ላይ፣ በተለይ ከጨዋታ በኋላ የሚያነክስ ሕመም። ይህ ሲቨር ይባላል።

ሁለቱም በአብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና፣ ጫናን በመቀነስ የሚድኑ ናቸው። ችግሩ እኛ የምናደርገው ነገር ነው። አንድ አባት የ14 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጥተው "ዶክተር፣ ወጌሻ ሦስት ጊዜ አሽቶታል፣ ጭራሽ ባሰበት" አሉኝ። ጋሼ፣ ቢብስበት አይገርምም! የተቆጣን የአጥንት ክፍል ማሸት ቁስልን መፈግፈግ ማለት ነው። ልጁ ያስፈለገው ከሩጫ እና ከዝላይ እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እና የጭን ጡንቻን ቀስ ብሎ ማሳሳብ ነበር።

"አንጮቴ እየበላ ነው፣ አጥንቱ ይጠነክራል" የሚሉኝም አሉ። አንጮቴ ካልሲየም ያለው ጥሩ ምግብ ነው፣ ይብላ። ግን እረፍትን አይተካም።

ሌላው መጥፎ ልማድ ዳይክሎፌናክ ውጦ ወይም ተወግቶ መግባት ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያቆምም። ሕመም የሰውነት ፊሽካ ነው፤ ዳኛውን ዝም አሰኝቶ መጫወት ጥፋቱን አያስቀርም።

3. የእኛ አካባቢ ልዩ ጉዳይ፦ ወባ

የዝግጅት ወቅት እና የወባ ወቅት በአንድ ላይ ነው የሚመጡት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ደዴሳ እና አንገር ቆላ ቅርብ ናቸው፣ ተጫዋቾችም ከዚያ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ወባ በአገራችን በከፍተኛ ሁኔታ ሲስፋፋ ምዕራብ ወለጋ በጣም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ብዙዎች "ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ኮአርተም ጨርሻለሁ" ብለው በሳምንቱ ሜዳ ይገባሉ። ተጠንቀቁ! ወባ ደም ያሳንሳል፤ ስለዚህ ልጁ ቶሎ ይደክማል፣ ልቡ ይመታል። ከዚህ የባሰው ግን ጣፊያ ነው። በወባ ጊዜ ጣፊያ ያብጣል፣ ከግራ የጎድን አጥንት ሥርም ይወጣል። ያበጠ ጣፊያ በክርን ወይም በጉልበት ሲመታ ሊፈነዳ እና ሆድ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። ስለዚህ ወባ የታመመ ተጫዋች ሐኪም ሆዱን ዳስሶ፣ ደሙን አይቶ "ግባ" ሳይለው ግጥሚያ አይጫወት።

4. ታዲያ ምን እናድርግ?

- ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ቢያንስ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ የሚጨምር ልምምድ ይኑር።
- በመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ታዳጊው 30 ደቂቃ፣ ቢበዛ 45 ደቂቃ ይጫወት። በየጨዋታው ይጨመርለት። አሰልጣኞች፣ ደቂቃውን ደብተር ላይ ጻፉት። ለሰፈር ቡድን፣ ለትምህርት ቤት እና ለክለብ የሚጫወት ልጅ ከሆነ ሦስቱም ይደመሩ።
- ቀላል መለኪያ፦ የሳምንቱ የልምምድ እና የጨዋታ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ14 ዓመት ልጅ ከ14 ሰዓት በላይ አይሥራ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።
- ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ ሥሩ። 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ሲሞከር ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል።
- ልጁ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሜዳ አይሂድ። ከጨዋታው 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ይብላ፣ ውኃ ይያዝ።

5. እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ

- እየሮጠ ራሱን የሳተ ወይም ደረቱን ያመመው ልጅ
- ሆዱን ከተመታ በኋላ ግራ ጎኑን ወይም ግራ ትከሻው ጫፍ ላይ የሚያመው፣ ፊቱ የገረጣ፣ የሚያልበው
- ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ ግራ የተጋባ ወይም የተመታበትን የማያስታውስ
- መገጣጠሚያው ወዲያው አብጦ እግሩን መርገጥ ያቃተው

እነዚህን ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ለእናንተ ለተጫዋቾቹም አንድ ቃል። "አመመኝ" ማለት ፈሪነት አይደለም። በመስከረም ሁለት ሳምንት ያረፈ ልጅ በጥር ይጫወታል፤ በመስከረም ደብቆ የተጫወተ ግን በጥር ከመስመር ውጭ ቁጭ ብሎ ሊያይ ይችላል። አሰልጣኞችም፣ ልጁ ሳይፈራ የሚነግራችሁ ሰው ሁኑ። ቦታውን እንደማያጣ ካወቀ ይናገራል።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ታዳጊ ተጫዋች ላለው ቤተሰብ እና ለምታውቁት አሰልጣኝ ሼር አድርጉት።

ጤና ይስጥልን፣ መልካም የውድድር ዘመን!